ጅማ ላይ አሪልብሬድ አይሪስ ማዳቀል፦ ክረምታችንን የሚችል አዲስ ዝርያ ይወጣል?

የቦሳዋ
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል አትሰላቹብኝ። ባለፈው ግላዲዮለሱ ፖስት ስር ጅማ ውስጥ አይሪስ አበባ የምትተክሉ ሰዎች እንዳላችሁ አይቻለሁ ስለዚህ ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ግቢዬ ውስጥ ሦስት ዓይነት አለኝ። አንዱ ያ ድሮ የምናውቀው ወይን ጠጁ ጺማም አይሪስ ነው (ወደ ታች የወደቀው ፔታሉ ላይ ጺም የመሰለ ነገር ያለው) ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ምንም አይነካውም ዝናብ ፀሐይ አይልም ይበዛል ብቻ። ሁለተኛው ነጭ ነው፣ አያታቸው ከየመን የመጡ ጎረቤቶቻችን ከቤተሰብ መቃብር ላይ ነቅለው የሰጡኝ። ሦስተኛዎቹ አሪልብሬዶች ናቸው፣ እህቴ ከውጭ በወረቀቱ በፈቃዱ ሁሉ ያስገባችልኝ፣ ሁለት የተለያዩ ናቸው፣ ካታሎጉ ሁለቱንም ግማሽ አሪል ነው የሚላቸው።

አሪልብሬድ ለማታውቁ፣ የነዮርዳኖስና ሊባኖስ ቱርክ ምናምን በረሃማ አገር አይሪሶች (አሪል የሚባሉት) ከጓሮው ጺማም አይሪስ ጋር ተዳቅለው የሚወጡ ናቸው። ፔታላቸው ሰፋ ክብ ያለ፣ አንደኛዋ የኔዋ ለምሳሌ መደቧ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ላዩ ላይ ጥቁር መስመርና ነጠብጣብ አለባት፣ ከጺሟ ስር ደግሞ ይህን የሚያህል ጥቁር ምልክት (ሲግናል ነው የሚሉት)። አንዴ ያያት ሰው ሌላ አበባ አያይም እላችኋለሁ።

ችግሩ የኛ ዝናብ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንባል አይደል፣ እነሱ ደግሞ በአገራቸው በጋ (የኛ ክረምት ላይ ማለት ነው) ድርቅ ብሎ ማረፍ ነው የለመዱት፣ ሐምሌ ላይ ሥራቸው ለስልሶ ይሸታል። ስለዚህ ያሰብኩት ጠንካራውን ወይን ጠጁን ከአሪልብሬዷ ጋር አዳቅዬ የጅማን ክረምት የሚችል አዲስ ዝርያ ማውጣት ነው፣ ከተሳካ ስም ሰጥቼ በደንብ ላስተዋውቀው። ይሄ ነገር ያስኬዳል ወይ? ነጩስ ይጠቅመኛል? ስም መስጠቱስ እንዴት ነው የሚሆነው ዝም ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ነው ወይስ የሚመዘገብበት ቦታ አለ። የምታውቁ እባካችሁ።

ቡና ይሻላል
ጅማ ላይ ሆነሽ አበባ ታዳቅያለሽ?? ቡና ትከዪ እህቴ ቢያንስ ይጠጣል 😂

የሜልኮ ጎረቤት
ሰላም ልጄ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬን ከቡና ጋር ነው የጨረስኩት፣ አይሪስ የትርፍ ሰዓት ፍቅር ነው እንግዲህ። ቡና ይሻላል ላለው ወንድማችን፦ ሁለቱንም መትከል ይቻላል ማን ከለከለ።

ወደ ጥያቄሽ። መጀመሪያ የክሮሞዞም ቁጥር ላይ እንነጋገር ምክንያቱም እሱን ሳያዩ የሚያዳቅሉ ሰዎች ዓመት ይበላባቸዋል ፍሬ አይይዝላቸውም። ኦንኮሳይክለስ የሚባሉት የበረሃዎቹ አይሪሶች 20 ክሮሞዞም ነው ያላቸው፣ 10 በ2 ማለት ነው። ሬጄሊያ የሚባሉት የመካከለኛው እስያዎቹ 22፣ አንዳንዱ 44። ዘመናዊው ረጅሙ ጺማም አይሪስ ደግሞ 48 ነው፣ 12 በ4። አሁን 48ቱን ከ20ው ጋር ስታዳቅይ ልጅየው ከአንዱ 24 ከሌላው 10 ወስዶ 34 ይሆናል። የጺማሙ ሁለት ባለ 12 ስብስቦች እርስ በርስ ይጣመራሉ፣ የአሪሉ 10 ግን አጣማጅ የለውም ሜዳ ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የአበባ ዱቄቱም አይሠራም እንቁላሉም አይሠራም፣ ተክሉ ቆንጆ ሆኖ መኻን ነው። የድሮ አዳቃዮችን ራስ ያዞረው ይሄ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ዊሊያም ሞህር የሚባል ሰው ነበረ፣ አይሪስ ጌትሲ ከምትባለው የቱርክና የኢራቅ አሪል ጋር አዳቅሎ ያገኛት ችግኝ እሱ ከሞተ በኋላ በ1925 (በፈረንጆቹ) በራሱ ስም ወጣች። መኻን ናት ማለት ይቻላል፣ ግን አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ዘር ትሰጣለች፣ ከነዚያ ልጆቿ ኤልሞህር የሚባለው በ1942 ወጥቶ በ1945 የአሜሪካን የዳይክስ ሜዳሊያ ወሰደ፣ ከዚያ የሚበልጥ ሽልማት አይሪስ ላይ የለም። ልብ በይ አንዲት መኻን ከምትባል ተክል ነው። ግን በዚህ ዕድል ላይ ተንጠልጥሎ ፕሮግራም አይያዝም።

መንገዱን የከፈቱት ፍሬ የሚይዙት ግማሽ አሪሎች ናቸው፣ ሬድላንድስ የነበረው ክላረንስ ዋይት በዚህ ብዙ ሠርቷል። ግማሽ አሪል 44 አለው፣ ሁለት ባለ 10 እና ሁለት ባለ 12። ሁሉም አጣማጁን ያገኛል። ስለዚህ ሁለቱን አሪልብሬዶችሽን እርስ በርስ ብታዳቅዪያቸው ዘር የመያዝ ዕድላቸው ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ዘር ይሰጣሉ፣ ከዚያ በትውልድ በትውልድ እየመረጥሽ መሄድ ነው።

ነጩን ተዪው። የየመኑ ነጭ አይሪስ (አልቢካንስ) የሙስሊም መቃብሮችን ተከትሎ ከዓረብ አገር እስከ ስፔን የሄደ ነው፣ የሄደው ግን በሥሩ ብቻ ነው፣ ዘር አይሰጥም። ወይን ጠጁም አጠር ያለው የድሮው ከሆነ ጀርማኒካ ነው መሰለኝ፣ እሱም ዘር ላይ በጣም ደካማ ነው። የሚያስቀው ሦስቱም ተክሎችሽ ቢቆጠሩ 44 ነው የሚሆኑት፣ ነጩ 44፣ ወይን ጠጁ ብዙውን ጊዜ 44፣ አሪልብሬዱ 44። ቁጥሩ አንድ ሆነ ማለት ውስጡ አንድ ነው ማለት አይደለም ልጄ።

የቦሳዋ
ውይ ጋሼ እግዜር ይስጥልን!! እኔ እኮ 44 እና 44 አንድ ላይ ይሄዳል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ወይን ጠጁ አዎ አጭሩ ነው፣ ከጉልበት ብዙም አያልፍም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ ሁለቱን አሪልብሬዶች እርስ በርስ ካዳቀልኳቸው ሁለቱም ዝናብ የማይችሉ አይደሉም እንዴ፣ ልጁ ከየት አምጥቶ ይችላል?

ማዳባ ነበርኩ
ልቤን ነካሽው 😭 እኔ ዮርዳኖስ ሠርቼ ነው የተመለስኩት፣ ማዳምዋ አርብ አርብ ወደ ማዳባ ወላጆቿ ጋ ስትሄድ ትወስደኝ ነበር፣ እዚያ መንገድ ዳር ሜዳው ላይ ጥቁሩ አይሪስ በዱር በቅሎ ይታያል። የአገሩ ብሔራዊ አበባ ነው። ከሩቅ ጥቁር ነው፣ ቀርበሽ ፀሐይ ከጀርባው ሲመጣ ግን ድፍን ወይን ጠጅ ነው። አንድ አገዳ ላይ አንድ አበባ ብቻ።

ግን ልልሽ የፈለግኩት ስለ ወቅቱ ነው። እዚያ ዝናቡ ክረምት ላይ ነው፣ የነሱ ክረምት ማለቴ ነው ከኅዳር እስከ መጋቢት አካባቢ፣ በብርዱ። አበባው መጋቢት ሚያዝያ ይወጣል። ከዚያ በኋላ አንድ ጠብታ የለም፣ ሰኔ ላይ ብትሄጂ እዚያ አበባ ነበረ ብትዪ ማንም አያምንሽም ቅጠሉ ሁሉ ደርቆ አቧራ ነው። እስከ መስከረም ጥቅምት እንደዚያ ተኝቶ ይቆያል።

እና አንዳንዱ ጅማ ላይ ወቅቱ ሁሉ ለነሱ ተገልብጦ ነው ያለው ይላል፣ እኔ ሳስበው ልክ አይመስለኝም። ከግንቦት እስከ መስከረም ጣራ ሠርተሽ ዝናቡን ብቻ ከከለከልሻቸው የነሱ በጋ ያው ሆነ፣ ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ኅዳር ታኅሣሥ ጥር እኛ ጋ ሌሊቱ ይበርዳል ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ያኔ አንቺ በእጅሽ ውኃ ትሰጪያለሽ፣ የነሱ ክረምት ሆነ ማለት ነው። የካቲት መጋቢት ሊያብብ ይችላል ዋናው ዝናብ ሳይመጣ።

የዴዶው
ማዳባ ያለችው ትክክል ነው። እኔ የማደርገው ይሄንኑ ነው ማለት ይቻላል። መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጌ ግማሹን ቀይ አሽ (ለብሎኬት የሚሸጡት) ግማሹን አፈር ነው የሞላሁት፣ ቀዩ አፈራችን ኮምጣጣ ስለሆነ ኖራ በትኜበታለሁ፣ ላዩ ላይ አራት ቋሚ አቁሜ ነጩን ፕላስቲክ ቆርቆሮ ነው የጣልኩት ጎኑ ክፍት ነው። ጎኑን በላስቲክ እንዳትዘጉት አደራ! እርጥብ አየር ታስሮ ሲቀር ቅጠሉ ላይ ያ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል ፈንገሱ፣ ከዚያ ቅጠሉ ሁሉ ይሄዳል።

ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ (ሪዞሙን ማለቴ ነው ዝንጅብል የሚመስለውን) ሽታው ይነግራችኋል። ባክቴሪያ ነው። የለሰለሰውን በማንኪያ ፍቃችሁ ጤነኛው ጠንካራው እስኪመጣ ድረስ አውጡ፣ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ቀናት አድርቁት ቁስሉ እስኪከደን፣ አፈር አታልብሱት። አንዳንዱ ይድናል።

ፈረንጅ አራዳ
እኔ ግን ከጋሼ ሜልኮ ጋር ትንሽ አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መኻን ቢሆንስ? አይሪስ እኮ ቦሎቄ አይደለም በዘር አይደለም የሚባዛው፣ ሪዞሙን ቆርጠህ ትከፍላለህ አለቀ። አንድ ጥሩ ችግኝ ብታገኝ ከሱ ብቻ እየከፈልክ ስንት መቶ ታወጣለህ፣ ሁሉም ያው ራሱ ነው። ፍሬ የሚይዝ ነገር የሚፈልገው አዳቃይ ነው፣ ገዢው ምን አገባው። እኔ ግቢ ዘመናዊ ረጅሙ ቢጫ ጺማም አይሪስ አለኝ ባለ 48ቱ፣ ሁለት ክረምት ያለ ምንም ጣራ አልፏል። የሱን ዱቄት ለቦሳዋ አሪልብሬድ ብንሰጣት ልጁ ሩብ አሪል ይሆናል፣ ከአራት ሦስት እጁ ጺማም ማለት ነው፣ ዝናብ የመቻል ዕድሉ ከግማሹ ይበልጣል። የአሪሉ መልክ ይቀንሳል እሺ፣ ግን ሲግናሉና መስመሩ ብዙ ጊዜ ይታያል። ለጅማ ጓሮ ሩብ አሪል ነው የሚያዋጣው ባይ ነኝ።

የሜልኮ ጎረቤት
አልተጣላንም ልጄ፣ ልክ ነህ ግማሹን።

ሩቡ 46 ነው የሚሆነው፣ ከጺማሙ 24 ከአሪልብሬዷ 22። ሦስት ባለ 12 እና አንድ ባለ 10። ለጓሮ ጥሩ ተክል ነው እኔም አልክድም፣ አሜሪካኖቹም ለብቻው ሽልማት አላቸው ለሱ፣ ዊሊያም ሞህር ሜዳሊያ ከግማሽ በታች አሪል ላለው ነው፣ ሲ ጂ ዋይት ሜዳሊያ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ለሆነው። ስለዚህ አንተ ያልከው የሚናቅ ነገር አይደለም።

የኔ ነገር ቀጥሎ ምን ይሆናል ነው። ከሩቡ ጥሩ ነገር አገኘህ እንበል፣ ዝናቡን ቻለ፣ ቀለሙ ግን ደብዘዝ አለ። እሺ ቀጣዩን ትውልድ ከምን ታወጣለህ? እሱ በቀላሉ አይወልድልህም። እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ግማሽ በግማሽ ካዳቀልክ ግን የዘንድሮው ልጅ የከርሞው እናት ነው። ለቦሳዋም መልሱ ይሄው ነው፦ ሁለቱም ወላጅ ዝናብ ባይችሉም ልጆቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም፣ ከብዙ ችግኝ ውስጥ ከሌላው ጠንከር ያለ ይኖራል፣ ጥቂቶቹን ሆን ብለሽ ያለ ጣራ ታስቀሪያለሽ፣ ዝናቡ ራሱ ይመርጥልሻል። የሞተው ሞተ። እሱን እርስ በርስ ትደግሚያለሽ።

የቡናውን ጠባሳ ታውቁታላችሁ፣ የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 (በፈረንጆቹ) አገራችን ሲገባ ጉድ ያለ ስንቱ ነው። ያኔ ፍለጋው ወደ ጫካው ተገባ፣ ከዱር ቡናው ውስጥ የማይታመሙት እየተመረጡ ነው እነ 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች የወጡት፣ 74 የተባሉት የተመረጡበት ዓመት ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ምርጫ፣ ማዳቀሉ ቆይቶ ነው የመጣው፣ አባቡና የሚባለው ቡና የወጣው በ1998 (በፈረንጆቹ) ነው። አባቡና ደግሞ ለዚህ ክርክር ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ዲቃላ ስለሆነ ገበሬው ከራሱ ማሳ ፍሬ ለቅሞ ቢዘራው ያንኑ አያገኝም፣ ወላጆቹን በየጊዜው በእጅ ማዳቀል ወይም በቁርጥራጭና በላብራቶሪ ማባዛት ይጠይቃል። እንዲህም ሆኖ ይጠቅማል። ግን ወላጆቹን የያዘ ሰው መኖር አለበት፣ ነጥቤ እሱ ነው።

ቡና ይሻላል
አሁን ገና ስለ ቁም ነገር ተወራ ☕ ጋሼ ይቀጥሉ

ኪቶ ባዮ
ጤና ይስጥልኝ። የማነሳው ስለ ዘሩ ነው ማንም አላነሳውም። አሪል ዘር እንደ ሌላው ዘር ዘርቼ በሁለት ሳምንት አያለሁ ካላችሁ ትናደዳላችሁ። ጫፉ ላይ ነጭ ወፍራም ነገር አለው፣ ያ ነው አሪሉ፣ ጺማሞቹ ጋ የለም። ዘሩ ውስጥ ደግሞ እንዳይበቅል የሚያግድ ነገር አለ፣ በረሃ ላይ አንድ ዝናብ ዘነበ ብሎ ሁሉም አንዴ ቢበቅል ቀጥሎ ድርቅ ሲመጣ ሁሉም አንዴ ያልቃል፣ ስለዚህ ከፊሉ ዘንድሮ ከፊሉ በሦስተኛው ዓመት ከፊሉ ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላም ይበቅላል። አሪልብሬዱ ከንጹሑ አሪል ይሻላል ግን ያው ዘመድ ነው።

መላው ሁለት ነው። አንደኛው ትዕግሥት፣ በአበባ መትከያ ድስት ዘርታችሁ ስም ለጥፋችሁ ጥግ ማስቀመጥ፣ ሳትጥሉት። ሁለተኛው ማስገደድ ነው። ዘሩን ለቀናት ውኃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ ውኃውን በየቀኑ እየቀየራችሁ (ቡናማ እየሆነ ይወጣል ያግደው የነበረውም አብሮ ይታጠባል)፣ ከዚያ ነጩን ነገር ታነሱና በዚያው ጫፍ በኩል በአዲስ ምላጭ ስስ ስስ አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ፣ የፅንሱ ነጭ ነጥብ መሀል ላይ እስኪታይ ድረስ ብቻ። አንዲት ቁራጭ ካለፋችሁ ፅንሱን ቆረጣችሁት። ከዚያ እርጥብ ሶፍት ላይ በክዳን ዕቃ ውስጥ፣ ሻጋታ እንዳይዝ በየጊዜው እያያችሁ። ፅንሱን ሙሉ አውጥቶ በላብራቶሪ ምግብ ላይ ማሳደግም አለ እሱ ንጹሕ ክፍል ይፈልጋል፣ ቤት አይሆንም።

ከበቀለ በኋላ ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ነው በትንሹ። ስለዚህ የቦሳዋ የስሙን ጉዳይ ገና አትጨነቂበት 😅

የቦሳዋ
እሱን ልጠይቅ ነበር። ማዳቀሉን ራሱን ያደረገ ሰው አለ በእጁ? በፎቶ አይቻለሁ ግን የቱ ወንዴ የቱ ሴቴ እንደሆነ አበባው ውስጥ አይለይልኝም

የዴዶው
አለሁ። በቃል ይከብዳል ግን ልሞክር።

አበባው ሦስት ወደ ላይ የቆሙ ሦስት ወደ ታች የወደቁ ፔታል አለው አይደል። የወደቁት ላይ ነው ጺሙ ያለው፣ ንቧ የምታርፈው እዚያ ነው። ጠዋት አበባው እንደተከፈተ ንብ ሳትቀድምሽ የወደቁትን ሦስቱንም በጥንቃቄ ቆርጠሽ ጣይ፣ ማረፊያ ስታጣ አትመጣም። አሁን ከጺሙ በላይ ጎብጦ የሸፈነ ሦስት ክንድ ታያለሽ፣ ከእያንዳንዱ ስር አንድ ቀጭን ወንዴ ተለጥፎ ቆሟል፣ እሱን በወረንጦ ነቅለሽ አውጪ። የራሱ ዱቄት እንዳይነካው ማለት ነው። የክንዱን ጫፍ ከውስጥ በኩል ብታዪ ትንሽ ከንፈር የመሰለች ወጣ ያለች ነገር አለች፣ ሴቴዋ እሷ ናት። የሌላውን አበባ ወንዴ በወረንጦ ይዘሽ ዱቄቱን እዚያች ከንፈር ላይ ቀባ ቀባ ነው፣ ሦስቱም ላይ አድርጊ። ዝናብ ካረገዘ ቀን አትሞክሪው ዱቄቱ ይረጥብና ያበቃል።

ከዚያ ወዲያው መለያ ማሰር። የእርጎ ኩባያ ቆርጠሽ በክር አገዳው ላይ፣ እናት በስተግራ ከዚያ የማባዛት ምልክት ከዚያ አባት፣ ቀኑም። በእርሳስ ጻፊ! እስክሪብቶ ጅማ ላይ ሳምንት አይቆይም ያጥበዋል። የተያዘ እንደሆነ ከአበባው ስር ያለው አረንጓዴ ነገር ማበጥ ይጀምራል፣ ያልተያዘው ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። እስኪደርስ ሁለት ወር አልፎም ይሄዳል፣ ስለዚህ መጋቢት ያዳቀልሽው ግንቦት ሰኔ ነው የሚደርሰው፣ ዝናብ መሀል። ጣራው የሚያስፈልግሽ ለሪዞሙ ብቻ አይደለም ለፍሬውም ነው። ጫፉ ቡናማ ሆኖ መሰንጠቅ ሲጀምር ቁረጪ፣ ተበትኖ እስኪያልቅ አትጠብቂ።

ሁለቱ አንድ ቀን ካላበቡ ዱቄቱን በወረቀት ፖስታ አድርገሽ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ያን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አብረሽ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከድነሽ ፍሪጅ አስገቢ። ላስቲክ ውስጥ ግን አታድርጊ ያልበዋል።

ካታሎግ ሰብሳቢ
ስለ ስምና ማስተዋወቁ እኔ ልመልስ፣ የድሮ ካታሎጎች እሰበስባለሁ ነገሩ ይገባኛል።

መመዝገብ እና ማስተዋወቅ ሁለት ነገር ነው፣ ሰው ሁሌ ያምታታዋል። ሽንኩርት ሥር ከሌላቸው አይሪሶች ሁሉ የስም መዝገቡን ለዓለም የሚይዘው የአሜሪካ አይሪስ ማኅበር ነው፣ ከ1955 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ። ጅማም ሁኚ ጃፓን እዚያው ነው የምትልኪው። ፎርሙ ላይ የአዳቃዩ ስም፣ የወላጆቹ ስም፣ ቁመት፣ የሚያብብበት ወቅት፣ የቀለሙ ዝርዝር ይሞላል። ወላጆቹን የማታውቂ ከሆነ አላውቅም ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ለዚህ ነው የእርጎ ኩባያዋ ዋጋ ያላት። ስሙ ከዚህ በፊት ለሌላ አይሪስ ያልተሰጠ መሆን አለበት፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም ከሆነ የሰውየው ፈቃድ ያስፈልጋል። እና በላቲን ፊደል ነው የሚገባው ስለዚህ አጻጻፉን ቀድመሽ አንዱን ወስኚ፣ ኋላ ሦስት ዓይነት ሆኖ እንዳይዞር።

ማስተዋወቅ ማለት ደግሞ በዚያ በተመዘገበው ስም ለሕዝብ ለሽያጭ ማቅረብ ነው፣ በካታሎግ ወይ በማስታወቂያ። ተመዝግቦ ሳይተዋወቅ የቀረ ብዙ አለ። ለሜዳሊያ ውድድር የሚገባውም ከተዋወቀ በኋላ ነው።

ልብ በሉ ምዝገባው የባለቤትነት መብት አይሰጥም፣ ስሙን ነው የሚያስከብርልሽ። መብት ከፈለግሽ አገር ውስጥ የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ አለ ቁጥር 1068፣ እሱ ደግሞ አዲስነት፣ ከሌላው መለየት፣ አንድ ወጥነት እና አለመለዋወጥ ይጠይቃል። እኔን ብትጠይቂኝ ለአንድ ጓሮ አይሪስ ወረፋውም ወጪውም አያዋጣም፣ ስሙ ይበቃል።

እስከዚያ ግን ቁጥር ስጪያቸው እንጂ ስም አትስጪ። ዓመቱ፣ የድቅሉ ተራ፣ የችግኙ ፊደል። ይህን የምለው ምክንያት አለኝ፣ አንድ ችግኝ መጀመሪያ ሲያብብ ሁሉም ሰው ዓይኑ ይታወራል። በሁለተኛው ዓመት አገዳው ተጣሞ ይወድቃል፣ ወይ አንድ ብቻ አብቦ ያቆማል፣ ወይ ሪዞሙ አይበዛም። የማይበዛ ዝርያ ስም ሰጥተሽ ለማን ትሸጫለሽ? ቢያንስ ከራስሽ ግቢ ውጭ ሌላ ቦታ ተተክሎ ይታይ።

ፈረንጅ አራዳ
በዚህ ላይ ግን 100 ፐርሰንት ነኝ። ስሙን ካነሳን ግን እኔ ለመጀመሪያው ጂሬን ብያለሁ ማንም እንዳይወስድብኝ 😄

ማዳባ ነበርኩ
ጥቁር ከወጣ በወንዙ አዌቱ ይባል፣ ክረምት ላይ ውኃው ጠቁሮ ሲሞላ አላያችሁም

ቡና ይሻላል
ገና ዘር የለ ስም ላይ ተጣሉ። አቦ የኛ ሰው

አድሚን
አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ከላይ የቦሳዋ በወረቀቱ ነው ያስገባሁት ብላለች አመሰግናለሁ። ሪዞምም ዘርም ከውጭ ሲገባ የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ያስፈልጋል። በሻንጣ ይዞልኝ የሚመጣ ሰው አለ የሚል ፖስት ካየሁ አጠፋለሁ። አፈር የተጣበቀበት ሪዞም ደግሞ ጭራሽ። የቡና አገር ነው የምንኖረው በሽታ መጫወቻ አይደለም።

የሜልኮ ጎረቤት
አድሚን ተባረክ። ይህን ሌላው ቀርቶ ግቢ ለግቢ ስንለዋወጥም እናስብበት፣ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዝንጉርጉር ያለበትን ተክል ለሰው አትስጡ፣ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ በሪዞም ይተላለፋል። የአበባ ዱቄት መለዋወጡ ይሻላል።

የቦሳዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ገለቶማ። እንዲህ አስቤያለሁ እንግዲህ፣ ሁለቱን አሪልብሬዶች እርስ በርስ በሁለቱም አቅጣጫ አዳቅላለሁ ጋሼ እንዳሉት፣ ዋናው እሱ ነው። ቡናማዋ ላይ ትርፍ እንቡጥ ካለ ደግሞ የፈረንጅ አራዳን ቢጫ ዱቄት እቀባባታለሁ ለጓሮ የሚሆን ሩብ አሪል ይውጣ አይውጣ እናያለን። ነጩ እዚያው አጥሩ ስር ይቀመጥ እወደዋለሁ። ፕላስቲክ ቆርቆሮውን ግንቦት ሳይገባ እሠራለሁ፣ ጎኑ ክፍት። ችግኝ ሲደርስ ግማሹን ያለ ጣራ ነው የምተወው ቢያሳዝነኝም።

የዴዶው፣ አንተ ጋ ከከተማው ይበርዳልና ከችግኞቹ ጥቂት ትወስድልኛለህ? ካታሎግ ሰብሳቢ ሌላ ቦታ ይታይ ስላለ።

የዴዶው
ደስ ይለኛል። ቁጥሩን በእርሳስ ጽፈሽ ላኪ እንጂ ስም ጽፈሽ እንዳትልኪ፣ ጂሬን አዌቱ ምናምን ብሎ የመጣ ችግኝ አልቀበልም።

ፈረንጅ አራዳ
ቢጫው ብዙ ጊዜ ከአሪልብሬድ ዘግየት ብሎ ነው የሚያብበው። ያንቺ ስታብብ የኔ ዱቄት ይኖራል ብለሽ አትጠብቂ፣ ያንቺ ቡናማ መጀመሪያ ካበበች የመጨረሻዋን እንቡጥ አቆዪልኝ። የኔ ቀድሞ ካበበ ግን ዱቄቱን ፖስታ አድርጌ ቅዳሜ ሂርማታ ስመጣ አደርስሻለሁ።

ኪቶ ባዮ
ፍሬው ሲደርስ ጻፉ፣ ምላጭና ማጉያ መነጽር አለኝ። ከዘሩ ግማሹን ብቻ ነው የምንቆርጠው ሌላው በድስት ይዘራ።